ቢጫው ቀሚስ

እማዬ ዛሬ ጠዋት ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ እየዘፈነች ስትወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። አባዬ ከሞተ እኮ ገና አራት ወሩ ነው፤ እስከ ትናንት ጥቁሯን አውልቃ አታውቅም።

ጥፋቱ የኔ ነው። እንደ ሁሉም ሰው የኛም ትዝታ የሚቀመጠው እቤት ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ከዚያ የጠፋ ነገር ከጭንቅላትም ይጠፋል። ትናንት ለምርቃቴ ቪዲዮ ቦታ ሳስለቅቅ "እሱ" የሚል ፎልደር አየሁና ትርፍ መስሎኝ አጠፋሁት። ለካ የእማዬ የአባዬ ትዝታ ነው። እማዬ አባዬን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ሁሌ "እሱ መጣ፣ እሱ በላ" ነው የምትለው።

"ፌቨንዬ፣ ቁምሳጥኔ ውስጥ ይሄን ሁሉ ጥቁር ልብስ ማን ከተተው? ማን ሞቶብን ነው?" አለችና ሳቀች።

"እኔንጃ" አልኳት። ሳቋን ከሰማሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር።

ሮጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ የጠፋ ፋይል የሚፈልገው ፕሮግራም ፎልደሩን አግኝቶ "ልመልሰው?" ይለኛል። ቦታው ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ደግሞ አይመለስም። ጣቴን አንስቼ ቆየሁ። ትናንት ያጠፋሁት በስህተት ነው፤ ዛሬ ከተውኩት ግን አውቄ ነው። ከመለስኩት ደግሞ እማዬን እንደ አዲስ መርዶ ላረዳት ነው።

ተጫንኩት።

ማድ ቤት ዘፈኑ ከመሀል ቆመ። ትንሽ ቆይታ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ እያየችው በሩ ላይ መጣች።

"ፌቨን፣ ይሄን ማን አለበሰኝ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ" አልኳት። ቀና ብዬ ላያት ግን አልቻልኩም።