የተቀቀለው እንቁላል

ልጆቼ፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ መካነ ሰላም የዶሮ ጽንስ የሚመረመርበት ቤት በጽዳት አገለግል ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰብሪያና ከማሉዲን ጠዋት ጠዋት እንቁላሎቹን በመብራት እያዩ የጽንሶቹን ልብ ይፈትሻሉ። ለማነጻጸሪያ አንድ የተቀቀለ እንቁላልም አብረው ያሞቃሉ።

ሰብሪያ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል።

አንድ ጠዋት «ከማሉ፣ ልጄ ከትናንት ወዲህ አልተንቀሳቀሰም» አለችው።

«እንዳንቺው እንቅልፋም ሆኖ ነው፤ አብሽሪ!»

እንቁላሎቹን ቢያዩ ጽንሶቹ ሁሉ ሞተዋል። መጨረሻ ላይ የተቀቀለውን አነሳች። ውስጡ ትንሽዬ ቀይ ልብ ትመታለች።

«ያረቢ! ይኼን እኮ ራሴ ነኝ የቀቀልኩት» አለ ከማሉዲን።

ሰብሪያ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እንቁላሉን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ልጄ» ብላ ጠራች።

ሆዷ ዝም አለ። ቅርፊቱ ከውስጥ ተንኳኳ።