ቤያ የተኛችበት ግድግዳ

ባሌ ሞንጂ ክረምቱን ሙሉ ያስላል፤ ያም ሆኖ ፊቱን ወደ እርጥቡ ግድግዳ ካላዞረ እንቅልፍ አይወስደውም። ሟች ሚስቱ ቤያ የምትተኛው በዚያ በኩል ነበር። እሷንም የጨረሳት ይኸው እርጥበት ነው። መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ተነስቶ ይዘጋዋል።

«ይበርዳታል» አለኝ አንድ ቀን።

«ማንን?»

ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረመዳን ሲቃረብ እዚህ ቱኒስ ሁሉም ቤቱን ኖራ ይቀባል። የእኔ ቅናት ግን ኖራ አልበቃው አለና ግድግዳውን በዘይት ቀለም ደፈንኩት። ጎረቤታችን ለላ ዱጃ አይታ ጉድ አለች።

«ምነው ልጄ! ኖራ ቢሆን እኮ ግድግዳው ይተነፍስ ነበር። አሁን እርጥበቱ በየት ይውጣ?»

«የራሱ ጉዳይ!» አልኳት።

ግድግዳው ደረቀ። አልጋውን ወደ ክፍሉ መሀል ሳብኩት፤ ሞንጂም ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስል አደረ።

ጠዋት ጎኔን በርዶኝ ነቃሁ። በእኔና በእሱ መካከል ፍራሹ ከትራስጌ እስከ ግርጌ ረጥቧል፤ ልክ አንድ ሰው የሚያህል። ሞንጂ በእንቅልፍ ልቡ ክንዱን እርጥቡ ላይ ጣል አድርጓል።

ክንዱ ግን ፍራሹን አልነካም። ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።