ፀሐይ የሚችለው ልብስ

«ይቀበራል ወይስ ይሰቀላል?» እላለሁ። የመብራት ገመድ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ዛሬ የመጡት እናት ግን ክው ብለው ያዩኛል።

«ማን ነው የሚቀበረው?»

«ገመዱ ነዋ፣ እናቴ! መሬት ውስጥ ይገባል ወይስ በአየር ይሄዳል?»

እማዋይሽ ይባላሉ። ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር ከወንድማቸው ከያረጋል ጋር መጥተዋል። የፍኖተ ሰላም ገበያ ቀን ስለሆነ ሱቄ ፊት አህያና ባጃጅ ይጋፋሉ። ቤታቸው ዘንድሮ መብራት ገብቶለታል፤ አሁን ደግሞ የአጥሩ በር ላይ ላለችው አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሊቀጥሉላት ነው። የልጃቸው የመልካሙ ቤት ናት። ሠርቶ ጨርሶ ሳይገባባት ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

«እሱ ሲሄድ ሰፈሩ ጨለማ ነበር» ይላሉ። «ሲመጣ በሩን እንዲያውቀው ብዬ ነው።»

ያረጋል ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «ቢቀበር ይሻላል፣ እህቴ» ይላል ቀስ ብሎ። «ዘመዱ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ከተቀበረ በኋላ እረፍት አለ።»

የሚያወራው ስለ ገመድ እንዳልሆነ ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። ልጅሽ አይመጣም፣ አልቅሰሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ እርምሽን አውጪ ማለቱ ነው።

«ያልሞተ አይቀበርም» ይሉታል፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት። «በአየር ይሂድልኝ።»

ከመደርደሪያው ነጩን ጥቅል ራሳቸው መርጠው ያወርዳሉ። ያምራል፣ ግን የቤት ውስጥ ነው።

«ልብሱ ፀሐይ አይችልም፣ እናቴ» እላቸዋለሁ። የገመዱን የላይኛውን ላስቲክ ልብስ ነው የምለው፤ ገበሬ ቶሎ ይገባዋል። «ውጭ ከዋለ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚያ ዝናብ ይገባበታል፤ መብራቱም ይጠፋል፣ ከብትም ይይዛል። ውጭ ውሎ የሚያድር የሚለብሰው ይሄንን ነው።»

ጥቁሩን ጥቅል ባንኮኒው ላይ አኖራለሁ። ምነው እጄን በሰበሰበው!

እማዋይሽ አይነኩትም። ቀሚሳቸው ነጭ፣ ነጠላቸው ነጭ ነው፤ ያንን ሁሉ የዘመድ ንዝነዛ ችለው ነጭ እንደለበሱ ናቸው። ያረጋል አንገቱን ይደፋል።

«ነጭ ሆኖ ፀሐይ የሚችል የለህም፣ ልጄ?»

እንደሌለኝ እያወቅሁ መደርደሪያውን ላይ ታች አያለሁ። ቢኖረኝ በነጻ እሰጣቸው ነበር። ነጩን ሰጥቼ፣ ይችላል ብዬ ዋሽቼ፣ ደስ አሰኝቼ ልሸኛቸውም ያምረኛል። ግን አንድ ክረምት ላይ የልጃቸው በር አምፖል ድርግም ሲል፣ ዘመድ ሁሉ «አየሽ?» ሲላቸው ይታየኛል።

«የለኝም፣ እናቴ።»

«ይሄ ጥቁሩስ ይበረታል?»

«ይጠብቃል። ቁሩንም ሐሩሩንም ችሎ ውስጡን ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል?»

«አዎ፣ ይጠብቃል።»

ቃሏን ደጋግመው ለራሳቸው ይሏታል። እኔ የተናገርኩት ስለ ላስቲክ ነበር። አሁን ግን እሳቸው የሰሙትን እኔም እሰማዋለሁ፤ ደጅ ደጅ እያዩ መጠበቁን።

ያረጋል ጥቅሉን ሊሸከምላቸው እጁን ሲዘረጋ ይከለክሉትና ራሳቸው ያነሱታል።

«እንግዲያ ጥቁሩን ገመዱ ይልበሰው» ይላሉ። «እኔ አልለብስም።»

ጥቁሩን ጥቅል በነጩ ነጠላ ላይ ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ በአህዮቹ መሐል ወደ ጅጋ መኪና ይሄዳሉ። ያረጋል አብረው የገዙትን አምፖል እንዳይሰበር በሁለት እጁ ይዞ ይከተላቸዋል።