የጋሼ ጎጆ

«ማህፀን?» አለች እናትየው። «የጋሼ?»

ልጇ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። የእንስሳት ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችው ጥንቸል ጠቦት ታክል ነበር፤ ግዝፈቷን አይቶ ቤተሰቡ ሁሉ ወንድ ነው ብሎ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሼ ሲላት ኖሯል።

«ሴት ናት፣ እናቴ። ማህፀኗ ውስጥ እባጭ አለ። ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ካልወጣ እባጩ ይገድላታል። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች።»

«እማዬ፣ የምትኖረው ካንቺ ጋር ነው፤ አንቺ ወስኚ» አለች ልጇ።

እናትየው የጥንቸሏን ደረት በጣቷ ገለጥ አድርጋ የተመለጠውን ቆዳ አየች። «ታዲያ ይሄስ ምንድን ነው? ፀጉሩን እየነጨ አልጋ ስር ይከምራል። እርጅና ነው ብዬ ጠርጌ እጥለዋለሁ።»

«ጎጆ እየሠራች ነው። የምትወልድ ሲመስላት ከደረቷ እየነጨች ለልጆቿ ታነጥፋለች።»

«አይ አምላኬ!» አለች እናትየው። «ስንቴ ጠረግሁባት!» ጥንቸሏ አፍንጫዋን እያርገበገበች መዳፏን አሸተተች።

«ማህፀኗ ከወጣ በኋላ ግን ጎጆ አትሠራም» አለ ሐኪሙ።

«ብቻ ትኑርልኝ። መንቃቷን የሚያውቀው እሱ ፈጣሪዋ ነው።» እስክሪብቶውን ተቀብላ የኦፕራሲዮኑን ፈቃድ ፈረመች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብላ ጥንቸሏን እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ አሁን ጎጆ አትሠራም ያልከውን እሷ ፊት አትድገመው።»