የማህፀኗ ሥዕል

ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ፍለጋ ያልረገጠችው ጠበል የለም። ባሏ ከፊተኛዋ ሚስቱ ሦስት ልጆች እያሉት፣ «አንቺን ካልከበደሽ እኔን አይከብደኝም» እያለ ጀሪካኗን ተሸክሞ አቀበቱን አብሯት ይወጣ ነበር። በዚህ ደግነቱ ያልቀናችባት ሴት አልነበረችም። ዘንድሮ ግን አርባ ሊሞላት ነውና፣ «ማህፀኔ በመሣሪያ ሳይታይ አላርፍም» ብላ ድርቅ አለች። ባሏ እያጉረመረመ ወደ ከተማ ወሰዳት። እህቱ ሲስተር ዘውድነሽም ነርስ ናትና አብራቸው ምርመራ ክፍሉ ገባች።

ዶክተሯ ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተችባት።

«ጨረር ነው እንዴ፣ ዶክተርዬ?»

«ድምፅ ነው፣ የኔ እናት። ወደ ውስጥ ይገባና ያገኘውን ነክቶ ሲመለስ እዚህ ሥዕል ይሆናል።»

«እንግዲያ ይንገረኝ። የእግዜር ዝምታስ ሰለቸኝ።»

ዶክተሯ የመሣሪያው መስኮት ላይ የታየችውን አንዲት ነጭ መስመር አተኩራ አየች።

«ማህፀን ውስጥ ሉፕ ተቀምጦ እንዴት ይረገዛል? መጀመሪያ መከላከያው ይውጣ እንጂ።»

«የምን መከላከያ? ሐኪም እጅ የገባሁት አንዴ ነው፣ ያን የሞተብኝን ልጅ ስወልድ። እሱንም ራሴን ስቼ ነበር። ያዋለደችኝም እሷው ናት» ብላ ወደ ሲስተር ዘውድነሽ ዞረች።

ሲስተር ዘውድነሽ ግን የምታየው ወንድሟን ነበር።

«እስክታገግም ብቻ ነው ብለህ ሉፑን እንዳስገባላት አደረግከኝ። በዓመቱስ አስወጥቼላታለሁ አላልከኝም?» አለችው።