ሦስቴ የተሸኘችው

«እጅሽን ጥረጊና ተቀበዪኝ» አለ ሾፌሩ አደም። ከድንበሩ ከጋላባት እስከ ሱዳን ገዳሪፍ መናኸሪያ ድረስ ሸሚዙ ውስጥ ይዞት ስለመጣ ፖስታው በላብ ወዝቷል።

የብፅአት ሁለት እጅ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነው። ፖስታውን አየችና እጇን ከኩባያ ማጠቢያው ሳፋ ማውጣት አቃታት። ከዚህ በፊት አደም በአውቶቡሱ ሁለቴ አምጥቶላት ነበር፤ ሁለቴም ፓስፖርቷ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ የተመለሰው ያለ ቪዛ፣ ባዶውን ነው። አንዴ የጤና ምርመራው ጊዜ አልፎበታል ተባለ። አንዴ ደግሞ ፎቶው አልተወደደም። ጊዜው ያለፈበት እነሱው ዘንድ ተቀምጦ ነው ብላ ለማን ትናገር?

ትምህርት ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፎላታል። እንግዲህ ባህር ማዶ ሄዶ አዋላጅነት መማር የሚባለው ነገር ከዚህች ፖስታ ውስጥ ነው፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

«ኧረ ተቀበይው ልጄ፣ ሰውዬውን ገትረሽ አቆምሽው እኮ» አሉ እምባየ። የመናኸሪያው ተሸካሚዎች አለቃ ናቸው፤ ሻይ ሳይጠጡ ዕቃ አያነሱም፣ ሰው ሳይነካኩም ሻይ አይወርድላቸውም። «ሦስቴ ሸኝተንሻል። ትምህርት ቤቱ ሲቀበልሽ አንዴ፣ ፖስታው መንገድ ላይ ነው ባልሽ ጊዜ ሁለቴ። በሦስተኛው እኔ ራሴ አልቅሻለሁ፤ እንባዬን መልሽልኝ።»

ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ሳቀ። ብፅአትም ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ ለምዳዋለች።

በመጀመሪያው ሽኝት የልጅ ነገር ሆነና ያላትን ሁሉ አደለች። አልጋዋን ለጎረቤት፣ ጫማዋን ለአክስቷ ልጅ። ይህን የሻይ ቦታ ደግሞ ከነምድጃው፣ ከነኩባያው፣ ከነደንበኛው ለማስተዋል ሰጠቻት። ማስተዋል ከመተማ ሸሽታ የመጣች፣ እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ እርሻ ላይ ሰሊጥ ስታርም ወገቧ የተቆረጠ ሴት ነበረች። «በይ እህቴ፣ ከፀሐይ ተገላገዪ» ብላ ስታስረክባት ብፅአት በማግስቱ የምትሳፈር መስሏት ነበር። ቪዛው ግን ቡክራ፣ ቡክራ፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሆነ። ሌላ ሥራ ስታጣ እዚያው በገዛ ቦታዋ ኩባያ አጣቢ ሆና ገባች። የሰጡትን መልሱልኝ ይባላል? አይባልም። ማስተዋልም «ቦታሽን ውሰጂ» አላለችም፤ በምን አንጀቷ ትበል፣ ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። ጎን ለጎን ውለው ሲያመሹ ይህቺን አንድ ነገር ብቻ አንስተዋት አያውቁም።

«ነይ» አለች ማስተዋል። ከከሰል ምድጃው ኋላ ተነስታ መጣችና የብፅአትን እጅ በነጠላዋ ጫፍ ታደርቅላት ጀመር፤ ጣት በጣት። እጇ ከደረቀ በኋላም ማድረቋን አልተወችም።

ፖስታውን ተቀብላ ቀደደችው። ፓስፖርቱን ገለጠች፤ ባዶ። ቀጣዩም ባዶ። ሌላም ገለጠች፤ ባዶ። እምባየ ኩባያቸውን አስቀመጡ። አደም ምንም እንዳላየ ወደ አውቶቡሱ ጎማ ማየት ጀመረ። «በቃ፣ እኔም ዶካ ወርጄ ሰሊጥ አርማለሁ» ስትል በልቧ፣ ጣቷ አንድ ወፈር ያለ ገጽ ላይ አረፈ።

ገለጠችው። ራሷን አየች። ፎቶዋ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ሆኖ አፍጥጦ ያያታል። ከጎኑ ስሟ ከነአባቷ ስም።

«ምን ይላል?» አለች ማስተዋል።

«ሰጡኝ» አለች ብፅአት። አንዴ ማለቱ አልበቃትም። «ሰጡኝ፣ ማስተዋልዬ። ሰጡኝ እኮ።»

«መብሩክ፣ ወላሂ እንኳን ደስ ያለሽ» አለ አደም፤ ሮጦ አውቶቡሱ ላይ ወጣና ጡሩንባውን ለቀቀው። መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየ።

ማስተዋል ግን እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። «ገብርኤል፣ ጃንጥላህን አስገባለሁ» አለች።

«ተስለሽ ነበር እንዴ?» አለች ብፅአት።

«ኩባያ ለማጠብ ከመጣሽ ቀን ጀምሮ።»

«ለእሷ ነው የተሳልሽው ወይስ ለራስሽ?» አሉ እምባየ፤ መቼም አይተዉ።

ማስተዋል ጥያቄውን ልትሸሸው ነበር። ቀና ብላ ብፅአትን ስታያት ግን አልሆነላትም። «ለሁለታችንም» አለች። «አንቺ ካልሄድሽ ቦታው የኔ አይሆንም። ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«እኔስ መቼ ተኛሁ፣ አልጋዬን ሰጥቼ» አለች ብፅአት። ጎትታ አነሳቻትና ተቃቀፉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ ለሰው አልለየለትም።

አደም ተመልሶ መጣ። «ነገ ጠዋት ወደ ጋላባት ተመላሽ ነኝ። የፊተኛው ወንበር ያንቺ ነው።»

«በአራተኛው ሽኝት አላለቅስም» አሉ እምባየ፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ብፅአት ወደ ሳፋው ጎንበስ ስትል ማስተዋል ክርኗን ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ኩባያው አልታጠበም።»

«ኩባያው የኔ ነው፤ እኔ አጥበዋለሁ። ተቀመጪ።»

ብፅአት ከደንበኞቹ በርጩማዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ቦታውን ከከፈተችው ጀምሮ በዚህ በኩል ተቀምጣ አታውቅም። ማስተዋል ከምድጃው ኋላ ገባች፤ ወገቧን አደላድላ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ ብፅአት ገና ዛሬ ማየቷ ነው።

«ምን ይሁንልሽ?»

«ሻይ» አለች ብፅአት፣ ፓስፖርቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። «ስኳሩን አብዢው።»