የሰሊጥ ማሳ መርዶ

የመጨረሻው የሰሊጥ ነዶ ታስሮ ሂላው፣ የነዶው ክምር፣ እንደቆመ፣ ስንሻው የተባለው ሽማግሌ ካሣን ከአጫጆቹ መሀል አስቀመጠና «የወታደሩን ልጅህን ነፍስ እግዜር ይማር» አለው። ካሣ አላለቀሰም። ማጭዱን እንደጨበጠ ብድግ አለ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«አጨዳው ሳይጀመር። የበረሃ መርዶ ሰሊጡ ሳይነሳ አይነገርም፤ አንተም ታውቃለህ።»

ያውቃል። እሱም የስንቱን መርዶ ደብቋል። ዛሬ ግን ደሙ ፈላ። በዚህ በሱዳን፣ በገዳሪፍ ፀሐይ ወገቡ እስኪቆረጥ እያጨደ በልጁ ስም ሲፎክር፣ «የጀግና አባት!» እያሉ ያሟሟቁት እነዚሁ ናቸው።

«በሬሳ ስታስፎክሩኝ ከረማችሁ!» ብሎ ጮኸ።

ዓይኑ ዳር ከቆመው ከዘመኑ ላይ አረፈ። ዘመኑ ከጦርነቱ ጠፍቶ ድንበር የተሻገረ ወታደር ነው። ካሣ አጨዳውን ሙሉ «ከፈሪ ጋር ካንድ ሳህን አልበላም» እያለ ከምግብ ሲያስነሳው ነው የከረመው።

«አንተ ደግሞ ምን ታፈጣለህ? የኔ ልጅ እንዳንተ አልሸሸም! ለመሆኑ የቀበረው ሰው አለ? ወይስ እንዳንተ ያለው ጥሎት ሮጠ?»

«እኔ ቀብሬዋለሁ፣ አያ ካሣ።»

ካሣ ያነሳበት ማጭድ አየር ላይ ቀረ። «የት?»

ዘመኑ በእጁ ወደ ድንበሩ ጠቆመ። «እዚህ ቅርብ ነው፣ ከጓንግ ወንዝ ማዶ። አብረን ነበር የጠፋነው። የገዛ ጓዶቻችን ከኋላችን ተኩሰው መቱት። መንገዱን ሲመራኝ የነበረው እሱ ነው፤ ‹አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ገዳሪፍ ወርዷል፣ እሱ ዘንድ ከደረስን ማንም አይነካንም› እያለ።»